ከደመወዝ የምትቆረጥ መኪና

ዋንዛ ማርያም፣ ከጅጋ ወዲህ
ጥቅምት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኘው፤

ባሕርና ሰማይ ቢለያየንም ሁላችንም በአንድ አምላክ ዓይን ሥር ነንና፣ እርሱ ከክፉ ይጋርድህ። እኛ አለን። ማሽላው ጥሩ ነው፣ ጤፉን ግን በረዶ መታው።

ፎቶግራፍህ በመስቀል ማግስት ደረሰን። ነጭ ፒካፕ ተደግፈህ ቆመሃል። እህተ ማርያም ፊትህን አየችና «ከስቷል» አለች። አባትህ ካረፈ ወዲህ በቤታችን ያሳደገችህ እርሷ ናትና ዓይኗ ከፊትህ አያልፍም። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ መኪናዋን ነው ያየሁት። የደብሩ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ አያት። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ክንዱ «እንዲህ ያለችቱ የአሥራ አምስት አህያ ጭነት አንድ ጊዜ ታነሣለች» አለ።

እንደምታውቀው የቤተ ክርስቲያናችን ክዳን ሣር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር በመቅደሱ ላይ ያንጠባጥባል። አዲሱን ሺህ ዓመት ምክንያት አድርገን ቆርቆሮ እናልብሰው ብለን ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረናል። ቆርቆሮውን ከፍኖተ ሰላም፣ ድንጋዩን ከወንዝ ማን ያመላልሰው ሲባል ከእኔም አፍ አንድ ቃል ወጥቷል። ምን እንዳልሁ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ለጊዜው የምለምንህ መኪናዋ ስትሰለችህ ለሌላ ከመሸጥህ በፊት እኛን እንድታስበን ነው። እስከ ጅቡቲ በመርከብ ይመጣል ይላሉ።

እህተ ማርያም አንዳንድ ጊዜ ሆዷን ያማታል። የሚያሳስብ አይደለም።

አጎትህና መምህርህ
ክንፈሚካኤል


ሜልበርን፣ አውስትራሊያ
ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለየኔታ ክንፈሚካኤል፤

በዚህ ርቀት ላይ ሆኜም ቢሆን ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ለእማዬም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የኔታ፣ ያቺ መኪና የእኔ አይደለችም። ፎቶውን የላክኩ ጊዜ ይህን መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኩም። ደስ እንዲላችሁ ፈልጌ ነው።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ከከተማ ውጭ እየዞረ የሚሠራ ሰው የተሻለ ይከፈለዋል፣ ግን መኪና ሊኖረው ይገባል። አሠሪዬ «ከደመወዝህ እየተቆረጠ መኪና ያዝ» አለኝ። ነገሩ ኖቬትድ ሊዝ ይባላል፣ ሦስት ወገን የሚፈራረምበት ውል ነው። መኪናዋን የገዛት አንድ አበዳሪ ድርጅት ነው። ኪራይዋን በየወሩ የሚከፍለው አሠሪዬ ነው። አሠሪዬ የከፈለውን መልሶ ከእኔ ደመወዝ ያነሣል፤ የሚያነሣውም መንግሥት ግብሩን ከመቁረጡ በፊት ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ደመወዜ ያንሳል፣ ግብሬም አብሮ ያንሳል። ጥቅሙ ይኸው ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ሥራውን ብለቅ ወይም ቢያሰናብቱኝ አሠሪዬ ከውሉ ይወጣና ዕዳው በሙሉ እኔ ጫንቃ ላይ ይቀራል። የውሉ አራት ዓመት ሲያልቅም የራሴ ላድርጋት ብል ሌላ ብዙ ገንዘብ ጨምሬ መግዛት አለብኝ። መሸጥ ይቅርና ማበደርም አልችልም። ቅዳሜና እሑድ ደጄ ላይ ቆማ ትውላለች።

ለቆርቆሮው ጥቂት ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ። ያሳፍራል፣ ግን የተረፈኝ እሱ ነው።

የእማዬ ሆድ እንዴት ሆነ?

ልጅዎ ስመኘው


ዋንዛ ማርያም
ጥር 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኘው፤

የልደቱ ብርሃን ከአንተም ቤት አይጥፋ። የላክኸው ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥህ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው አልገባኝም፣ በሁለተኛው ተናደድሁ፣ በሦስተኛው ገባኝ። እኛስ ብንሆን የመሬት ደብተር ተሰጥቶን የለም? ፎቶግራፋችን ተለጥፎበታል፣ ስማችን ተጽፎበታል። እናርሰዋለን፣ እንገብርበታለን፤ ልሽጥ ያልን እንደሆነ ግን የእኛ አይደለም። ቅኔ ነው የላክህልኝ፤ ሰሙ መኪና፣ ወርቁ ዕዳ።

ባለፈው የደበቅሁህን ልንገርህ። በጉባኤው ላይ ተነሥቼ «ልጄ መኪናዋን ይልካል፣ ቆርቆሮውን እርሷ ታመጣዋለች» ብያለሁ። አጨበጨቡ። አንዲት አሮጊት እግሬን ልትስም ጎንበስ አለች። ደብዳቤህ ከደረሰ በኋላም አላስተባበልሁም። አቶ ክንዱ ባገኘኝ ቁጥር «የኔታ፣ ነገሩ ከምን ደረሰ?» ይለኛል። «በመንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያልሁ ተማሪ ስመክር የኖርሁ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር አሰብሁ። መኪናዋ ቅዳሜና እሑድ ቆማ ከምትውል የሰው ዕቃ ብታመላልስባት ምን አለበት? በምታገኘው እኛ እዚህ አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ቀን ተከራይተን ከቃሌ እወጣ ነበር። የሚቻል መስሎኝ ነው እንጂ ላስጨንቅህ አይደለም።

እህተ ማርያም ውሃ መቅዳት ትታለች። ጎረቤት ይቀዳላታል።

አጎትህ ክንፈሚካኤል


ሜልበርን
የካቲት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። እዚህ ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳልፈታ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ዕቃ ማመላለስ አይቻልም፣ ለምን እንደማይቻል ልንገርዎ። ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ ከአሠሪው በሚያገኘው ጥቅም ላይ ለብቻው የሚጣል ግብር አለ። መኪናዋ አንድ ቶን የምትጭን የሥራ መኪና ስለሆነች ግን ሕጉ ይምራታል። የሚምራት ከቤቴ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤቴ፣ ለሥራም ወደታዘዝኩበት ብቻ ስነዳት ነው። ለራሴ ጉዳይ የምነዳት ጥቂት፣ አልፎ አልፎና ሳይለመድ መሆን አለበት። አንድ ቀን ቆሻሻ ወስጄ ብደፋባት ማንም አይጠይቀኝም። በየሳምንቱ ብመላለስባት ግን የዓመቱ ግብር አሠሪዬ ላይ ይመጣል፣ እሱም እንደ ውላችን ከደመወዜ ይወስደዋል።

የኔታ፣ እኔ ይህን ጥሻለሁ።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት የሚባሉ የቋሪት፣ የገበዝ ማርያም ሰው በሰፈሬ አሉ። ልጃቸው አምጥታቸው ነበር፤ እሷ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። ኩላሊታቸው ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ገብተው ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ሲወጡ መቆም ያቅታቸዋል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ምሰሶ አቅፈው አየኋቸው። «እማማ፣ ይግቡ» አልኳቸው። ለአንድ ቀን ብዬ ነበር። ሰባት ወር ሆነ።

የዚህ ግብር ዓመት የሚያልቀው በእኛ መጋቢት 22 ነው። ያኔ «ለግል ጉዳይ የነዳሁት ጥቂት ነው» ብዬ መፈረም አለብኝ። ደመወዝ ክፍል የምትሠራውን ሴት «የታመመ ሰው ሆስፒታል ባመላልስስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ስንት ጊዜ?» አለችኝ።

«በሳምንት ሦስት ጊዜ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን አልሰማሁም። የምመዘግበው አንተ የምትፈርመውን ነው» አለች።

እውነቱን ከፈረምኩ ለብዙ ወር የምልክላችሁ አይኖረኝም። ውሸት ከፈረምኩ የሚያውቅብኝ ያለ አይመስለኝም። ቅኔው ሳይገባኝ ገባኝ ብዬ የዋሸሁ ቀን ከጉባኤው እንዳስወጡኝ አልረሳሁም። ምን ልፈርም? መልስዎን እጠብቃለሁ።

እማዬ ውሃ መቅዳት ለምን ተወች? አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፉልኝ።

ልጅዎ ስመኘው


ፍኖተ ሰላም
መጋቢት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኘው፤

አምላክ ጸንተህ የምትሰማበት ልብ ይስጥህ። ከኅዳሩ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰኝም። ይህን የምጽፈው ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀምጬ ነው።

እህተ ማርያም ባለፈው ማክሰኞ ከማድቤቱ ደጃፍ ወደቀች። ደም ይፈስሳት ኖሯል። ሕመሙን አውቅ ነበር፣ ደሙን ግን ከእኔም ደብቃዋለች። በቃሬዛ አድርገን ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ተሸክሞ ጅጋ አደረሳት። ቁልቁለቱ ላይ አንዱ ተሸካሚ ላቡን እየጠረገ «የኔታ፣ ምናለ ያቺ የስመኘው መኪና ዛሬ በደረሰችልን!» አለ። በክፋት አይደለም፣ ትመጣለች ብሎ አምኖ ነው።  እርሷ ከቃሬዛው ላይ «ልጄን ተዉት» አለች። 

ከጅጋ በአይሱዙ ተጭነን መጣን። ሐኪሙ የማኅፀን ዕጢ ነው፣ ባሕር ዳር ሄዳ በቀዶ ጥገና ይውጣላት ብሎ ጽፎልናል። ሆዷን ያማታል እያልሁ ስጽፍልህ የከረምሁት የሴት ሕመም በወረቀት ላይ ማስፈር አፍሬ ነው። እፍረቴ እርሷን ይህን ያህል ያስከፍላታል ብዬ አላሰብሁም።

ከስልክ ቤት ደወልሁልህ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረችና ጢጥ አለ። ሁለተኛ ደወልሁ፣ ያንኑ ቃል ደገመችው። ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ስለ ቆርቆሮ የጻፍሁትን እርሳው። ስለ መኪናም አላነሣብህም። ለሕክምናዋ የሚሆን ምንም ያለህን ላክ። ልጄ፣ ለራሴ ጉዳይ እንዲህ ለምኜህ አላውቅም።

ክንፈሚካኤል


ሜልበርን
መጋቢት 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። መልስዎን እስከ መጨረሻው ቀን ጠበቅኩ። የፖስታ ሳጥኔን በቀን ሁለት ጊዜ ከፈትኩ። ከጥር ወሩ ደብዳቤ በኋላ ምንም የለም።

ፈረምኩ። እውነቱን ነው የፈረምኩት።

ጽድቅ ፈልጌ እንዳይመስልዎ። ውሸቱን ለመፈረም የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ከሥራዬ ጋር መግጠም ነበረበት። ያልሄድኩበትን እርሻ ሄድኩ፣ ያልጠገንኩትን ፓምፕ ጠገንኩ እያልኩ የስምንት ወር ጉዞ መፍጠር ያስፈልገኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ጻፍኩ። ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ሁሉንም ቀድጄ እውነቱን ሞላሁ። የደመወዟ ሴት አንብባ «እርግጠኛ ነህ?» ስትለኝ «ደክሞኛል» አልኳት። 

ስለዚህ እስከ መስከረም የምልከው ነገር የለም። የእማዬን ነገር በዝርዝር ይጻፉልኝ፣ ልቤ አላረፈም። ያጠፋሁ ከመሰለዎት ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ስመኘው


ሜልበርን
ሚያዝያ 13 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

በዚህ በሰሙነ ሕማማት ሰላምታ አይጻፍም፣ አልጽፍም።

ከሆስፒታሉ አጥር ሥር የጻፉት ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስልኩ ላይ የሰሟት ሴት ሰው አይደለችም፣ ሰው በማያነሣ ጊዜ የሚናገር መሣሪያ ነው። ድምፅዎን ትተው ቢሆን ኖሮ እሰማዎት ነበር። ይህን አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው።

በቀጥታ ደመወዝ ክፍል ሄድኩ። «ወረቀቱን መልሺልኝ፣ እንደገና ልፈርም» አልኳት።

«ምን ብለህ?»

«ለግል የነዳኋት ጥቂት ነው ብዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰው ሞተብህ?» አለች።

«ገና ነው» አልኳት።

«ሂሳቡ ተሠርቶ ተልኳል። በሳምንቱ ብትመጣ ኖሮ ሳላይ እሰጥህ ነበር» አለች። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ወንበር ሰጠችኝ።

የኔታ፣ ወረቀቱን ባገኘው እዋሽ ነበር። ይህን የምጽፈው ያለፈውን ደብዳቤ አንብበው በእኔ እንዳይኮሩ ነው።

ከዚያ ወጥቼ የአገር ልጆች ዕቁብ ሰብሳቢ ዘንድ ሄድኩና ተራዬ እንዲቀድም ለመንኩ። ተራ የደረሰው ሰው የማላውቀው የመራዊ ልጅ ነው። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም፣ ሰጠኝ። ገንዘቡን ዛሬውኑ በባንክ ልኬያለሁ። በጊዜው ይድረስ።

እማዬ አለች? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

ስመኘው


ዋንዛ ማርያም
ግንቦት 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኘው፤

አስቀድሜ የምትጠብቀውን ልንገርህና ሰላምታው ይከተል፤ እህተ ማርያም አለች። ዕጢው ወጣላት። ከስታለች፣ ቀስ እያለች ከአልጋ ወርዳ ፀሐይ ትሞቃለች። እንግዲህ አምላክ የአንተንም ልብ ያሳርፈው።

ከአንድ ወር በላይ ባሕር ዳር ከርመን ስለተመለስን ሦስቱን ደብዳቤህን በአንድ ገበያ ቀን ከፍኖተ ሰላም ፖስታ ቤት ተቀበልሁ። «ምን ልፈርም» ያልኸኝ እዚያው ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ከርሟል።

ባሕር ዳር በምን እንደወሰድኋት ልንገርህ። ለአንተ በጻፍሁ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ቆምሁ። «ያቺ መኪና የልጄ አይደለችም፣ አትመጣም። ከጥር በፊት አውቄ ደብቄያችኋለሁ» አልኋቸው። የሳቀ የለም፣ የተቆጣም የለም።  ስድብ ይሻለኝ ነበር። ተማሪዎቼም ቆመው ይሰማሉ። ሰው ሲበተን አቶ ክንዱ ብቻውን ቀረ።

«ለምን አስቀድመው አልነገሩንም?» አለኝ።

«ካጨበጨባችሁ በኋላ ከበደኝ» አልሁት።

 ዕቃ ቤት ገብቶ የክዳኑ ገንዘብ ያለበትን ሣጥን ከፈተ። «ዘንድሮም ሣር እንጨምርበታለን። ሣር አያልቅም» አለ። በእርሱ ሄድን፣ በእርሱ ታከመች። ከዕቁብ የላክኸው በኋላ ሲደርስ ለሣጥኑ መለስሁ። ሣጥኑ ግን ገና ጎዶሎ ነውና ቆርቆሮው ለዚህ ክረምት አይደርስም። ሰው ከቀድሞው ባነሰ ቃል ነው ሰላም የሚለኝ። ይገባኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶ እርሷ ቃሬዛ ላይ ሳለች ባነበው ኖሮ፣ «ዋሽ» ብዬ እጽፍልህ ነበር። ዋሸ ብዬ ተማሪ ከጉባኤ የማስወጣው እኔ ነኝ ይህን የምልህ። አንተ ትዋሽ ነበር፣ እኔ አስዋሽህ ነበር፤ ፖስታው ዘገየና ሁለታችንም ሳንዋሽ ቀረን። ይህን ጽድቅ ብዬ ልጠራው አልደፍርም። ከእንግዲህም እንደ ድሮው ቀና ብዬ አላስተምርበትም።

እህተ ማርያም ደብዳቤዎችህን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሊዙንም፣ ግብሩንም፣ ሁሉንም አነበብሁላት። ሐሳቧ ሌላ ዘንድ ያለ መስሎኝ ነበር። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ያቺ የቋሪት ሴት እንግዲህ በምን ትሄዳለች?» አለች። አላወቅሁም። አንተ ጻፍላት።

አጎትህ ክንፈሚካኤል


ሜልበርን
ሰኔ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእማዬ ለእህተ ማርያም፤

በእግርዎ ቆመው ፀሐይ ሞቁ የሚለውን ሳነብ የሆንኩትን አልጽፍም። የኔታ ሲያነቡልዎ ይህን ቀስ ብለው ያንብቡልዎ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት አሁንም የሚሄዱት በዚያችው መኪና ነው። ምሕረቱ ስለቀረብኝ ግብሩን እየከፈልኩ ነው፤ ግብሩን የሚከፍል ሰው ደግሞ መኪናዋን በፈለገው ቀን፣ ወደፈለገው ቢነዳት የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ጠዋትም ሥራ ከመግባቴ በፊት አደርሳቸዋለሁ፣ ማታም እመልሳቸዋለሁ። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እስከዚያ ደመወዜ ጎዶሎ ነው፤ የዕቁቡም አለ። ለእናንተ የምልከው ያንሳል፣ አትዘኑብኝ።

ትናንት፣ ሰኞ፣ ስመልሳቸው ስለ እርስዎ ነገርኳቸው። ከቤት እስከ ጅጋ በቃሬዛ እንደሄዱ ነገርኳቸው።

«ስንት ሰው ተሸከማት?» አሉኝ።

«ስምንት።»

ቤታቸው ደረስን። ሲወርዱ የመኪናዋን በር ይዘው ቆሙና «እኔን ግን አንተ ብቻህን» አሉኝ።

ደክሞኛል፣ እማዬ። ነገ ረቡዕ ነው፣ ቀናቸው ነው።

ልጅዎ ስመኘው